ጠይሙን ሰው ግራጫ አታድርጉት፦ የድሮ ኔጋቲቭ ቤት ውስጥ ስለ መስካን



«የቤተሰቤን የድሮ ኔጋቲቭ እንዴት ላድርገው?» እያላችሁ በውስጥ መስመር የጻፋችሁልኝ በዝታችኋል። ለየብቻ ከምመልስ አንድ ጊዜ ረዘም አድርጌ ልጻፈው ብያለሁ። ረጅም ነው፤ ቡና አፍልታችሁ አንብቡት። ኔጋቲቭ ያለው ዘመድ ካላችሁም አድርሱለት።

መጀመሪያ ነገሩ ለምን እንደሚያሳስበኝ ልንገራችሁ። ዴምም ሂዱ፣ ጅሬፍም፣ ሰሃፋም፣ ቆየት ካሉት የእኛ ሰዎች ቤት ውስጥ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አይጠፋም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብሩ ጊዜ አገር ጥለው የወጡት ሰዎች እዚህ ሲደርሱ መጀመሪያ ካደረጉት ነገር አንዱ ፎቶ ቤት ገብቶ መነሣት ነበር። «በሕይወት አለሁ» ብሎ ለእናት ለመላክ ነው። የታጠበው ፎቶ አገር ቤት ሄደ፤ ለወንድም፣ ለእጮኛ ተላከ። ኔጋቲቩ ግን ቆርቆሮ ውስጥ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ቤት ተቀየረ፣ ስንት ጊዜ ከሻ መጣ፣ ስንቱ ዕቃ መንገድ ላይ ቀረ! ቆርቆሮው ግን ከአንዱ ኪራይ ቤት ወደ ሌላው እየተዘዋወረ እስከ ዛሬ አለ።

አሁን ባለቤቶቹ እያረጁ ነው። አንዳንዶቹ አርፈዋል። አንዳንዶቹ የሦስተኛ አገር ዕድል ደርሷቸው በአንድ ሻንጣ ሊወጡ ነው። ልጆቹ ቆርቆሮውን ከፍተው ብርቱካናማ ላስቲክ ያያሉ፤ ምን እንደሆነ ስለማያውቁ ይጥሉታል። ሌሎቹ ደግሞ ፎቶ ቤት ወስደው ያሰካኑና የአባታቸው ፊት አመድ መስሎ ይመጣላቸዋል። «ፊልሙ ተበላሽቷል» ይባላሉ። ብዙ ጊዜ ግን ፊልሙ አልተበላሸም፤ የተበላሸው አተረጓጎሙ ነው። የዛሬው ጽሑፌ በአጭሩ ይኸው ነው።

የእነዚያ ዘመን ፎቶ ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሙት 120 የሚባለውን ሰፊ ፊልም ነበር። «ስድስት በስድስት» የሚሉት እሱን ነው። በአንድ ጥቅል 12 ፎቶ ብቻ ይወጣል፤ የአንዱ ፎቶ ስፋት ግን በትክክል ሲለካ 56 በ56 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በኋላ ከተለመደው የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ጋር ሲተያይ ከሦስት እጥፍ ተኩል በላይ ስፋት አለው። እናታችሁ በጣቷ ያደረገችው ቀለበት፣ የነጠላዋ ጥበብ፣ የወንድማችሁ የሸሚዝ ቁልፍ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ተጽፎ ተቀምጧል ማለት ነው። ይህን ትልቅ ሀብት በስልክ ፎቶ አንሥቶ መጣል ያሳዝናል።

ብርቱካናማው ምንድን ነው?

እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ ሁለት ደቂቃ እንደ ክፍል ታገሡኝ። የቀለም ኔጋቲቭ ውስጥ ሦስት የቀለም ንብርብር አለ፦ ቢጫ፣ ማጀንታ (ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ቀይ) እና ሳያን (አረንጓዴ ያዘለ ሰማያዊ)። ችግሩ ማጀንታውና ሳያኑ ንጹሕ አይደሉም። ማገድ ያለባቸውን ብርሃን ብቻ ሳይሆን ሌላውንም በትንሹ ያግዳሉ። የፊልም ሠሪዎች ይህን ለማረም ከፎቶው ተቃራኒ ሆኖ የሚቀር ቀለም ከንብርብሮቹ ጋር አዋሓዱ። ብርቱካናማው ያ ማረሚያ ነው፤ እርጅናም ቆሻሻም አይደለም።

እንግዲህ ኔጋቲቭ በራሱ የተቆረጠ ቀለም የለውም። ድሮ ጨለማ ክፍል ውስጥ ሰውየው ማጣሪያ እየቀያየረ የመጨረሻውን ቀለም ይወስን ነበር። ዛሬ ያንን ውሳኔ የሚወስነው የስካነሩ ፕሮግራም ነው፤ ፕሮግራሙ ደግሞ ይገምታል። ብዙዎቹ የሚገምቱት ፎቶው በአማካይ ግራጫ ነው ብለው ነው። ይህ ግምት ሰማይ፣ መሬትና ዛፍ ላለበት ፎቶ ሊሠራ ይችላል። ፎቶ ቤት ውስጥ ቀይ መጋረጃ ፊት ለተቀመጠ ሰው ግን አይሠራም። ማሽኑ «ቀይ በዛ» ይልና ቀዩን ይቀንሳል። መጋረጃው ቀይ ሆኖ ይቀራል፤ የሰውየው ፊት ግን ደሙ ተመጥጦ ወደ አረንጓዴና አመድማ ይሄዳል።

በዚህ ላይ የቆየ ታሪክ አለ። በአሜሪካና በአውሮፓ ፎቶ ማተሚያ ቤቶች ቀለማቸውን የሚለኩት «ሸርሊ» በሚባል ካርድ ነበር፤ ካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ናት። የእሷ ቆዳ ካማረ ማሽኑ ትክክል ነው ይባላል። የእኛ ዓይነት ቆዳ በመለኪያው ውስጥ አልነበረም። ኮዳክ ጥቁር ቡናማ ቀለምን የተሻለ የሚይዝ ፊልም ለመሥራት ካነሣሡት አቤቱታዎች መካከል የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ቅሬታ እንደነበረበት ተጽፏል፤ የተለያየ የቆዳ ቀለም ያላቸው ሰዎች አብረው ያሉበት ካርድም የመጣው በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። ስለዚህ ማሽኑ የአባታችሁን ፊት ሲያበላሽ የአባታችሁ ፊት ችግር እንዳይመስላችሁ።

እሺ፣ ቤት ውስጥ እንዴት ይሠራል?

1. ጽዳት። ካርቱም ውስጥ ከሁሉ በላይ ጠላታችን አቧራ ነው። ሃቡብ ባለበት ቀን አትጀምሩ። ጠረጴዛውን በእርጥብ ጨርቅ አብሱ፣ የአየር ማራገቢያውን አጥፉ። ፊልሙን ጠርዙን ብቻ ያዙ። በአፋችሁ እፍ አትበሉበት፤ ምራቅ ያርፍበታል። በላስቲክ መንፊያ ንፉት። በውኃና በሳሙና አትንኩት። ቆርቆሮውን ስትከፍቱ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ከሸተታችሁ ፕላስቲኩ ራሱ መፍረስ ጀምሯል ማለት ነውና ያንን ለይታችሁ መጀመሪያ ስካን አድርጉት፤ ጊዜ አይሰጥም።

2. ስካነሩ። የብርሃን ክዳን ያለው፣ ለፊልም የተሠራ መሆን አለበት። እኔ የምጠቀመው አንድ ወገን ከካይሮ ያመጣልኝን ያገለገለ ኤፕሰን ቪ600 ነው፤ የ120 ፊልም መያዣ አለው። ፊልሙ ተጣጥፎ መስታወቱን ከነካ የቀስተ ደመና ክብ ክብ ይሠራል። ስለዚህ የተጠቀለለውን በንጹሕ ወረቀት መካከል አድርጋችሁ ለጥቂት ቀን ከመጽሐፍ ሥር አስተኙት።

3. ማሽኑ እንዳይገምት አድርጉ። ዋናው ይሄ ነው። በስካነሩ ፕሮግራም ላይ የቀለም ማስተካከያውን ሙሉ በሙሉ አጥፉ። ፊልሙንም ኔጋቲቭ ሳይሆን ፖዘቲቭ ነው በሉት። ያኔ ብርቱካናማውን እንዳለ ይሰጣችኋል፤ የምንፈልገውም እሱን ነው። 48 ቢት ቲፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ጄፔግ አይሁን። 2400 ዲፒአይ ይበቃል፤ ለአንድ ስድስት በስድስት 5,300 በ5,300 ነጥብ ገደማ ይሰጣል፣ ፋይሉም 170 ሜጋባይት ያህል ነው። ስካን ስታደርጉ ፎቶው ላይ ብቻ አትከርክሙ፤ ብርሃን ያልነካውን የፊልሙን ጠርዝ ጨምራችሁ አንሡ። ለምን እንደሆነ አሁን ታያላችሁ። መብራት በመሐል እንዳይሄድባችሁ ደግሞ አንድ አንዱን እየጨረሳችሁ አስቀምጡ፤ ለካርቱም ሰው ይህን መንገር አያስፈልግም።

ስካነር የሌላችሁ በካሜራ ማንሣት ትችላላችሁ። ከኋላ የምታበሩት ብርሃን ግን የስልክ ስክሪን አይሁን። የስልኩ ነጭ ከሦስት ቀለም የተቀናበረ ስለሆነ የፊልሙን ቀለሞች እኩል አያሳይም፤ በዚያ ላይ ነጠብጣቦቹ ይታያሉ። የቀለም መለኪያው ሲአርአይ 95 እና ከዚያ በላይ የሆነ ነጭ የኤልኢዲ መብራት ፈልጉ፤ ለቪዲዮ የሚሸጡት ትንንሾቹ ይሆናሉ። ከላዩ ነጭ ፕላስቲክ አድርጉ፣ ክፍሉን አጨልሙ፣ በሮው አንሡ፤ ካሜራውም ከፎቶ ፎቶ ራሱን እንዳይቀያይር ሁሉንም ቆልፉት።

4. ብርቱካናማውን ማካፈል። ነፃ ፕሮግራም አለ፣ መግዛት አያስፈልግም። ጂምፕ ላይ ከፍታችሁ የፊልሙን ባዶ ጠርዝ ቀለም ውሰዱ፤ በዚያ ቀለም አንድ አዲስ ሌየር ሙሉና ሁነታውን «ዲቫይድ» አድርጉት። ጠርዙ ነጭ ይሆናል። ከዚያ ሌየሮቹን አዋሕዱና ገልብጡት፤ ጠርዙ ጥቁር ይሆናል። ለምን ማካፈል? ብርሃን በንብርብር ውስጥ ሲያልፍ የሚጎድለው በመባዛት ነው፤ ስለዚህ የሚመለሰውም በማካፈል ነው። ዳርክቴብል የሚባለው ነፃ ፕሮግራምም ከ2020 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለዚሁ ብቻ የተሠራ «ኔጋዶክተር» የሚባል ክፍል አለው። እሱም መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ያንኑ የጠርዝ ቀለም ነው።

5. ቀለሙን የምታውቁትን ዕቃ ፈልጉ። አሁን ፎቶው ፈዛዛ ሆኖ ይታያችኋል። ፊቱን ለማሳመር አትቸኩሉ፤ ፊት መጨረሻ ነው። መጀመሪያ ግራጫ ፈልጉ፦ የአሉሚኒየም ድስት፣ የወንበር ብረት እግር፣ የሲሚንቶ ወለል። እዚያ ላይ ቀዩ፣ አረንጓዴውና ሰማያዊው ቁጥር እስኪቀራረብ በየቀለሙ ለየብቻ አስተካክሉ። ብዙ ሰው ነጠላን መለኪያ ያደርጋል። ተጠንቀቁ፦ በእጅ የተፈተለ ጥጥ ትንሽ ወተትማ ነው፤ በዱቄት ሳሙና የታጠበው ደግሞ ሰማያዊነት አለው። ነጠላውን ወረቀት ካስመሰላችሁት ሌላው ሁሉ ሰማያዊ ይሆናል።

ሌሎች ምስክሮችም አሉ። የካርቱም የድሮ ታክሲ ቢጫ ነው፤ የአዲስ አበባው ሰማያዊና ነጭ። የሱዳን ባንዲራ እስከ 1970 (እ.ኤ.አ.) ሰማያዊ፣ ቢጫና አረንጓዴ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ቀይ፣ ነጭና ጥቁር ሆኖ አረንጓዴ ሦስት ማዕዘን አለው። እንዲህ ያለ ነገር ከጀርባ ከታየ ቀለሙንም ዘመኑንም ይነግራችኋል።

6. የካርቱም ሙቀት። ከ40 ዲግሪ በላይ በሚሞቅ ቤት ውስጥ አርባ ዓመት የኖረ ፊልም ሦስቱ ቀለሞቹ እኩል አይደበዝዙም። ስለዚህ ጥላው ወደ አንድ ቀለም፣ ብሩሁ ክፍል ወደ ሌላ ያዘነብላል። ፀጉሩ አረንጓዴ፣ ግንባሩ ሮዝ ይሆናል። በአንድ ቁልፍ አይድንም። የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ከርቮችን ለየብቻ ወስዳችሁ ጥላውን ለብቻ፣ ብሩሁን ለብቻ ማስተካከል ነው። ሁሉም ላይመለስ ይችላል። የጠፋውን ቀለም ከራሳችሁ ፈጥራችሁ አትቀቡ።

7. ስክሪናችሁ። ማታ ማታ ስክሪኑን የሚያቢጨውን ሁነታ አጥፉ። የመጨረሻውን ፍርድ በቀን፣ በጥላ ውስጥ፣ በሁለት የተለያዩ ስክሪኖች አይታችሁ ስጡ።

አሁን ወደ ፊቱ ልምጣ።

ሰፈራችን ውስጥ ሁላችንም «እትዬ» የምንላቸው፣ ሰባዎቹን የተሻገሩ እናት አሉ። አምና አንድ ስድስት በስድስት ኔጋቲቭ ሰጡኝ። የወንድማቸው ነው። አብረው በመተማ በኩል የገቡ፣ እዚህ ያገባ፣ በ1977 ዓ.ም. ለሥራ ወደ ሊቢያ ወጥቶ ድምፁ ያልተሰማ ወንድም። ሚስቱን ነፍሰ ጡር ትቷት ነው የሄደው። ያ ልጅ ዛሬ ካናዳ ይኖራል፣ የልጆች አባት ሆኗል። ከዓመታት በፊት አንድ ፎቶ ቤት ያሰካኑት ፎቶ ተልኮለታል። ፎቶው ላይ ቀይ መጋረጃ አለ፤ የሰውየው ፊት ግን የከሰል አመድ ነው። ልጁም ለአክስቱ ደውሎ የጠየቃቸው አንድ ጥያቄ ነበር፦ «አባቴ ቀይ ነው፣ ጥቁር ነው ወይስ ጠይም?»

ይህ ጥያቄ ለፈረንጅ አይገባውም። ለእኛ ግን ሰውን የምናውቅበት መንገድ ነው። ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር እንላለን። የጠፋ ሰው ስንፈልግም «ጠይም፣ ረዘም ያለ፣ ጥርሱ ፍንጭት» ብለን ነው የምንጀምረው። በየትኛውም ፕሮግራም ውስጥ «ጠይም» የሚል ቁልፍ የለም።

የፊልሙ ጠርዝ ነበረ፤ የተቀመጠበት ወንበር የብረት እግርም ነበረው። በሁለቱ ብቻ አስተካክዬ፣ ፊቱን ጭራሽ ሳልነካ፣ ላፕቶፑን ወደ እትዬ አዞርኩት። ጠጋ ብለው አዩትና «ጠይም ነው አላልኩም?» አሉ። ለእኔ አልነበረም የሚናገሩት። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው «ደውልልኝ» አሉ፣ ለካናዳው።

ሸሚዙ ላይ ግን ክርክር ተነሣ። እትዬ «አረንጓዴ ነው፣ እኔ ነኝ ያጠብኩት» ይላሉ። ሌላዋ ዘመድ «ሰማያዊ ነው» ትላለች። ፊልሙ ያሳየው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ ነው። እኔ ለማንም ብዬ አልቀየርኩትም። ፊልሙ ያለውን እንዳለ አስቀመጥኩ፤ ከሥሩ ሁለቱ ያሉትን በየስማቸው ጻፍኩ። እኛ ስደተኞች ቃላችን እንዴት እንደሚመረመር፣ አንድ ቀን ወይም አንድ ቁጥር ስትዛነፍ ምን እንደሚባል እናውቃለን። ስለዚህ የራሳችንን ማስረጃ በራሳችን እጅ ማምታታት የለብንም። ዕቃው የተናገረውና ሰው ያስታወሰው ሁለቱም ይጻፉ፤ ግን ተለይተው ይጻፉ።

«ይህን ሁሉ ለምን እኛ እንለፋበት?» የሚል አለ። የሱዳኑ ጋዳላ ጉባራ፣ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ካርቱምን በቀለም የቀረጸው ሰው፣ ፊልሞቹ በርሊን ውስጥ ወደ ዲጂታል ተቀይረው ተርፈዋል። አዲስ አበባ ውስጥ «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል ወጣቶች የየቤተሰቡን ፎቶ ሰብስበው መጽሐፍ አድርገውታል። ሁለቱም የሚያኮሩ ናቸው። የእኛን የዴምና የጅሬፍ ቆርቆሮ ግን የሚፈልግ ማኅደር እስካሁን አላየሁም። አገር ቤት ያለው «እነሱ ሱዳን ናቸው» ይላል፤ እዚህ ያለው «እነሱ ሐበሻ ናቸው» ይላል። መሐል ላይ የቀረነው ራሳችን ካላነሣነው የሚያነሣው የለም።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው።

ኔጋቲቭ አትጣሉ፤ ምን እንደሆነ ባታውቁትም። ከሙቀትና ከፀሐይ አርቃችሁ፣ ከላስቲክ አውጥታችሁ በወረቀት ፖስታ አስቀምጡ። ብቸኛውን ኔጋቲቭ በሰው እጅ ወደ ውጭ አትላኩ፤ መጀመሪያ ስካን ይደረግ።

ሽማግሌዎቹን አሁን ጠይቁ። «ቀሚሱ ምን ቀለም ነበር? መጋረጃውስ? ፎቶ ቤቱ የት ነበር?» ብላችሁ ጻፉት። ስካነር በኋላም ይገኛል፤ የሚያስታውስ ሰው ግን አይገኝም።

ቅጂውን ሦስት ቦታ አስቀምጡ፦ አንዱን ቤት፣ አንዱን ሌላ ሰው ዘንድ፣ አንዱን ኢንተርኔት ላይ። በኢንተርኔቱ ብቻ አትተማመኑ፤ በጥቅምት 2021 (እ.ኤ.አ.) ከመፈንቅለ መንግሥቱ በኋላ ለሳምንታት ሲቋረጥ አይታችኋል። በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ፤ እንደ ፎቶ ከላካችሁት ይጨመቅና የደከማችሁበት ጥራት መንገድ ላይ ይቀራል።

የሰው ፊት ደግሞ ሳታስፈቅዱ እዚህ ገጽ ላይ አትለጥፉ። ፎቶው ላይ ያለው ሰው ወይም ቤተሰቡ ዛሬ የት እንዳለ፣ ምን እንደሚያሰጋው አታውቁም። ለቤተሰብ የተነሣ ፎቶ መጀመሪያ ለቤተሰብ ይድረስ።

ካርቱም ውስጥ ላላችሁ፦ ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ መብራት ካለ፣ ከተማሪዎቼ ጋር ሆነን ያለ ክፍያ እንሠራለን። የ11ኛ ክፍል ልጆቼ አሁን ስለ ብርሃንና ቀለም ከመማሪያ መጽሐፉ ይልቅ ከእናንተ ቆርቆሮ ነው የሚማሩት። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ቦታውን እነግራችኋለሁ። ስትመጡ ኔጋቲቩን ብቻ ሳይሆን ፎቶው ላይ ያለውን ሰው የሚያውቅ አንድ አዋቂ ይዛችሁ ኑ። ቀለሙን የምናመሳክረው ከእሳቸው ጋር ነው።

ቸር ያሰማን።